ፖፖው ላይ ደም ካየሽ፣ ልጁን ራሱን የሚያይ ሐኪም ፈልጊ

እህቴ፣ የ3 ዓመት ልጅሽ ካካ ሲል ደም ጠብ እንደሚልበት፣ እንደማያመውና ተቅማጥም እንደሌለው ጽፈሻል። ሰገራው ተመርምሮ «አሜባ ነው» ተብሎ ሽሮፕ ታዞለታል። ልስጠው ወይስ ሌላ ቦታ ላሳየው ነው ጥያቄሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን በዚሁ መንገድ 5 ወር ተመላልሻለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ልጄ ያኔ 4 ዓመቷ ነበር። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። አንድ ቀን ጠዋት ፖፖዋን ልደፋ ሳነሳ ካካዋ ደህና ነው፤ አልቀጠነም፣ አልደረቀም። ላዩ ላይ ግን በጣት የተቀባ የሚመስል ደማቅ ቀይ ደም አለ። ማታ ቀይ ስር በልታ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልበላችም። እሷ ምንም አላላትም፣ ሱሪዋን በቅጡ ሳላስታጥቃት ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። የሰገራ ምርመራ፣ አሜባ፣ ሜትሮኒዳዞል። ያንን መራራ ሽሮፕ ማስዋጥ እንዴት እንደሚያታግል ታውቂዋለሽ። ደሙ ለ10 ቀን ያህል ጠፋ፣ ተመስገን አልን። ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ፣ ያው መድኃኒት። ሦስተኛውም እንዲሁ። እናቴ «ኪንታሮት ነው፣ የባህል ሐኪም ይያት» ማለት ጀመረች። እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው ሱሪዋን አውልቆ አላያትም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድን። ላብራቶሪ ከመላኩ በፊት ጠየቀኝ። ደሙ ከካካው ጋር የተደባለቀ ነው ወይስ ላዩ ላይ? ደማቅ ነው ወይስ ጥቁር? ስታምጥ ታለቅሳለች? ከዚያ በጎኗ አስተኝቶ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፎ፣ መቀመጫዋን ገለጥ አድርጎ አየ። ጓንት አጥልቆ ትንሿን ጣቱን ቅባት ቀባና በቀስታ አስገባ። እጇን ይዣት ነበር። አንዴ «እማዬ» አለች፣ አለቀ። «ይኸው፣ እዚህ አለ» አለኝ። የወይን ፍሬ የምታክል ፖሊፕ፣ ማለትም ከአንጀቷ የውስጥ ግድግዳ ላይ የበቀለች ትንሽ ሥጋ።

እንዳስረዳኝ ይህ ዓይነቱ ፖሊፕ ከ2 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ካንሰር አይደለም። አያምም፤ ይደማል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይደማል። ለዚህ ነው ሽሮፑ የሠራ የመሰለን። ሪፈር ጻፈልን፣ በማደንዘዣ ተኝታ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ወጣላት። ናሙናው ለምርመራ ተላከ፣ እሷ በዚያው ቀን ቤቷ ገባች።

ስለ አሜባውም ጠይቄው ነበር። በሽታ የሚያመጣው አሜባና ጉዳት የሌለው ዘመዱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አሜባው ደም ሲያመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ንፍጥ ያለው ተቅማጥና ቁርጠት አብሮት ይኖራል። የአንቺ ልጅ ይሄ የለውም።

ፖሊፕ ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። በልጆች ላይ በብዛት የሚያደማው ድርቀት የሚያመጣው የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። እሱ ያማል። ልጁ ስለሚፈራ ካካውን ይይዘዋል፣ ሲይዘው የባሰ ይደርቃል፣ እንደገና ይሰነጥቀዋል። ሐኪሙ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ያዛል፤ ደሙ ስለቆመ ብቻ አታቋርጪው። ውኃና ፍራፍሬ ጨምሪለት። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይብለጥ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጡና ቫዝሊንም ያስታግሱለታል። ኪንታሮት በዚህ ዕድሜ ብርቅ ነው። እባክሽ ማንም የሚያቃጥል ነገር እንዳያስነካው።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሮጪበት ጊዜም አለ። ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ልጁ ከገረጣ ወይም ከፈዘዘ፣ ደም ያለው ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ከመጣ። በተለይ ደግሞ ሕመሙ እየተነሳ እየተወው እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ የሚጮህ፣ የሚያስመልሰው፣ ንፍጥ የተቀላቀለ ጥቁር ቀይ ደም የሚወጣው ከሆነ፣ አንጀቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እሱ በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ይሄ ሁሉ ከሌለ ሽሮፑን ከመጀመርሽ በፊት በዚህ ሳምንት ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው። ደም ያለበትን ካካ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ በቃል ከማስረዳት በጣም ይሻላል። ደም ማነስ እንዳለው ይታይልኝ በይ። ሐኪሙ ልብሱን ሳያስወልቅ ወረቀት መጻፍ ከጀመረ፣ «ዶክተር፣ እባክዎ መቀመጫውን ይዩልኝ» ለማለት አትፈሪ።