ቪትዝ ወይስ ያሪስ? የአዳማ አንባቢዎች የመኪና ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ መምህር ነኝ። ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ በወር ሁለት ጊዜ አሰላ ወላጆቼ ዘንድ እንወጣለን፤ የቀረው ጉዞ ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። በያዝኩት ገንዘብ ሁለት መኪኖች ቀርበውልኛል። አንዷ አዲስ ቀለም የተቀባች ባለ 1000 ሲሲ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ሌላዋ ባለ 1300 ሲሲ ማንዋል ያሪስ ስትሆን በሯና ባምፐሯ ተጭሯል፣ የወንበሯ ጨርቅም አርጅቷል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ቤተሰቡ ቪትዟን ወዷታል። እናንተ የትኛዋን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ያሪሷን፤ ምርመራውን ካለፈች። ምርመራውን ቀጥሎ ለጠየቁን አንባቢ በዝርዝር መልሰናል፣ እርስዎም ይጠቀሙበት።

ትልቁ ምክንያታችን የአሰላ ዳገት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት የጻፈለት ባለ 1000 ሲሲ ሞተር አዳማ ላይ 60፣ አሰላ ሲደርስ 55 ገደማ ይቀረዋል። የባለ 1300ው 87 ደግሞ አሰላ ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ ትልቁ ሞተር አሰላ ላይ የሚተርፈው ጉልበት ትንሹ በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ያህል ነው። አምስት ሰውና የገበያ ዕቃ ጭናችሁ ከደራ ወደ ኢተያ ስትወጡ ባለ 1000ዋ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸች፣ ኤሲዋ ጠፍቶ ነው የምትሄደው። እንዲህ የምትነዳ መኪና ታገኛለች የተባለውን የነዳጅ ቁጠባ እዚያው ዳገቱ ላይ ትጨርሰዋለች። ከከተማ የማትወጡ ቢሆን ኖሮ ባለ 1000ዋ በደንብ ትበቃችሁ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ መሪው ነው። ቪትዝ ቶዮታ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ጃፓን ውስጥ ይሸጣት ለነበረችው መኪና ያወጣው ስም ነው፤ እዚያ መሪ በቀኝ ነው። ያችው መኪና ለአውሮፓ ስትላክ ያሪስ ትባል ነበር። እንግዲህ መሪዋ በግራ የሆነ እውነተኛ ቪትዝ ካዩ፣ መሪዋ ከተሠራች በኋላ ዞሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 በተሠሩት ሁለት ትውልዶች ጌጁ የተቀመጠው ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ስለሆነ ማዞሩ ከሌሎች መኪኖች ይቀላል። በስሟ ብቻ አይተማመኑ፤ ስም ሊለጠፍ ይችላል። የሻንሲ ቁጥሯን ያንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው አጭር መለያ፣ ጭረትና ሰባት አኃዝ አላት። ለውጭ ገበያ የተሠራችው ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት 17 ምልክት አላት፤ ፈረንሳይ የተገጣጠመችው ያሪስ በ«ቪኤንኬ» ትጀምራለች።

የዞረ መሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሥራው ግን መታየት አለበት። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩንና ሹፌሩን በሚለየው ላሜራ ላይ የብየዳ ጠባሳ ወይም ተቆርጦ የተደፈነ ቀዳዳ ይፈልጉ። በዳሽቦርዱ ሥር በፕላስተር የተቀጠሉ ገመዶች ካሉ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንደሚከተል ይጠብቁ። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ይሆናል፣ ኤርባጉም ላይኖር ይችላል። ማታ መኪናዋን ከግድግዳ አምስት ሜትር ርቀት አቁመው አጭር መብራቱን ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ በግራ በኩል ከፍ ካለ መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ የእርስዎን የመንገድ ዳር ደግሞ ጨለማ ያደርገዋል። በሌሊት የአሰላን መንገድ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መብራቶቹ መቀየር አለባቸው፣ ዋጋውንም ከሂሳቡ ይቀንሱ።

ስለ ካምቢዮው፦ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ብዙ ይሄዳል። በሁለተኛው ትውልድ ብዙዎቹ ሲቪቲ (የተወሰነ ማርሽ የሌለው፣ ሳያቋርጥ የሚቀያየር አውቶማቲክ) ናቸው፤ ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፣ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የተሞላበት ካምቢዮ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። ያሪስ ገዥዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አውቶማቲክ እየተባለ የሚሸጥ፣ በማርሽ መምረጫው ላይ «ፒ» የሌለው ካምቢዮ አለ። እሱ ፍሪሲዮኑን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚረግጥ ማንዋል ነው፤ ሲበላሽ በኮምፒውተር መስተካከል ስለሚፈልግ የሚሠራው ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። የእርስዎ ንጹሕ ማንዋል ስለሆነች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት።

በመጨረሻም ቀለሙ። የያሪሷ ጭረት ዋጋው ይታወቃል፤ ዛሬ ማሠራት፣ ካልሆነም መተው ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የተቀባች አሮጌ መኪና ግን ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ አታሳይም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ታችና በጎማ ቤቶቹ ዙሪያ ያስጠጉ፤ የማይዝባቸው ቦታዎች ስቱኮ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ለግማሽ ቀን መኪናዋን ሊሰጠኝ ተስማምቷል። መካኒክ ጋ ከመውሰዴ በፊት በራሴ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ጠዋት መኪናዋ ገና ሳትነሣ ይሂዱ፤ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ለሻጩ ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ አንዳንድ ሕመም የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ነውና።

ከማስነሣትዎ በፊት የዘይት መለኪያውን መዝዘው ይዩ፣ የዘይት መሙያውን ክዳንም ይክፈቱ። ከክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚገናኙበት ማሸጊያ) መበላሸት ነው። እንደ ሬንጅ የጠጠረ ዝቃጭ ካዩ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ቆይቷል። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ይህን በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ያድርጉ። ውኃው ዝገት ከመሰለ በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውኃ ሲሞላባት ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ግዥውን እዚያው ይተዉት።

የክዳኑን ጎማ ይመልከቱ፣ የደረቀና የተሰነጠቀ እንዳይሆን። በአዳማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተር ማራገቢያ የሚነሣበት ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖም መኪናዋ ትፈላለች። ብዙ ሰው ራዲያተር የሚቀይረው ርካሹን ክዳን ሳይሞክር ነው።

አሁን ያስነሡ። ቶዮታዎቹ ባለ ካቴና (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ሰንሰለት) ስለሆኑ በመጀመሪያው ሰከንድ ትንሽ ቢንኳኳ አያስፈራም፤ ሦስት አራት ሰከንድ ከቆየ ካቴናው ረዝሟል ወይም መወጠሪያው ደክሟል። ለአምስት ደቂቃ ባለችበት ትሥራ፤ ከዚያ ረዳትዎ ነዳጁን አንዴ ሲረግጥ ከኋላ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎች ናቸው፤ ያ የሚሠራ ነው። በዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ግን የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ነው፤ እሱ ሙሉ የሞተር እድሳት ይጠይቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ውኃ እያቃጠለች መሆኑን ያሳያል።

ኤሲውን ከፍተው ለ20 ደቂቃ ያቁሟት፤ ማራገቢያው ሲነሣና ሲቆም ያዳምጡ፣ የሙቀት ምልክቱንም ይከታተሉ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል ይሞላዋል፤ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱት።

መንዳት ሲጀምሩ በመጀመሪያ የኮብልስቶን መንገድ ይምረጡ። ሬዲዮውን አጥፍተው በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሂዱ። ከፊት ጎማዎቹ አካባቢ የሚሰማ ቀጭን ቀጭ ቀጭታ ርካሽ ማያያዣ ሊሆን ይችላል፤ ደፍ ደፍ የሚል ከባድ ድምፅ የአሞርዛተር (የንዝረት ማብረጃው) ወይም የማሰሪያው ችግር ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በቀስታ ይክበቡ፤ ጣጣጣ ካለ የጎማው ጆይንት አልቋል። ፍሪሲዮኑን ለመሞከር ቆመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡና ፔዳሉን በቀስታ ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ብቻ ይሞክሩት። አውቶማቲክ ከሆነች ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ሲያስገቡ ከሁለት ሰከንድ በላይ መዘግየት ወይም ከባድ ንቅናቄ መኖር የለበትም። ከተቻለ በአሰላ መንገድ እስከ ዳገቱ ይውጡባት፤ ሲመለሱ ከሥሯ ምን እንደሚንጠባጠብ ይዩ።

ይህን ካለፈች መካኒክ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ነው የሚለካው። አዲስ ባለ 1300 ሲሲ የቶዮታ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ወደ 218 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ አዳማ ላይ በቀጭኑ አየር ምክንያት ጤነኛው ሞተር 180 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። ዋናው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነቱ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ኪሎ ሜትሩ 78,000 ይላል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት፣ ያረጋግጡት። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ የመሪው ቆዳ ከተላጠና የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተበላ 78,000 አይደለም። በመስታወቶቹ ጥግ ያለውን የዓመት ምልክት ያወዳድሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ በዚያ በኩል ተመትታለች ወይም መስታወት ተሰብሮባታል። የደኅንነት ቀበቶው ሥር የተሰፋ የምርት ቀን አለ፤ ከመኪናዋ ዘመን ጋር መስማማት አለበት።

ጥያቄ፦ ሃዩንዳይ አይ10 በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ከቶዮታ ታንሳለች?

መልስ፦ ለከተማ አታንስም። ሞተሯን ግን ይለዩ፦ ባለ 1.2 ሊትሩ ባለ ካቴና ነው፣ ባለ 1.1 ሊትሩ ደግሞ ባለ ቺንጊያ (በካቴና ፈንታ የጎማ ቀበቶ)። የመጀመሪያዋ ኪያ ፒካንቶ ባለ 1.1ም እንዲሁ ናት። ቺንጊያው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ያጎብጧቸዋል። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ እንደገዙ ከመወጠሪያውና ከውኃ ፓምፑ ጋር ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «በውክልና ነው የምሸጥልህ፤ ስሙን በኋላ ታዞራለህ» ይለኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በውክልና እየተላለፈች ሦስት አራት እጅ የዞረች መኪና ባለቤቷ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ነው። እሱ ውክልናውን ሊሽር፣ ሊሞት ወይም በዕዳ ሊከሰስ ይችላል፤ ያኔ መኪናዋ ከእጅዎ ትወጣለች። ውክልናው በራሱ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና እስከ ዛሬ አለመሻሩን ካረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፣ ስሙም ወዲያውኑ ይዙር።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የሊብሬውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። መኪናዋ ከተመዘገበችበት ትራንስፖርት ቢሮ ፋይሏን አስወጥተው የባንክ እገዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት መኖሩን ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እርስዎ ስም አትዞርም። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ላላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እዚህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸውን ይዘዋል፤ ደላላውም «ነገ አታገኛትም» እያለ ያስቸኩልዎታል። የፋይል ማጣሪያው አንድ ሁለት ቀን ቢወስድ ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ባለ 1300 ሲሲ ያሪስ ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ላሠራ?

መልስ፦ ሻጩ «አሁን ነው የቀየርኩት» ቢልም የሞተር ዘይቱን ከማጣሪያው ጋር ይቀይሩ። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1300 ሲሲ ከነማጣሪያው 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ አምስት ሊትር ገዝተው የተረፈውን ለመሙያ ያስቀምጡ። የራዲያተሩን ውኃ አስወጥተው ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ያሳጥቡና ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውኃ ይሙሉ። የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ ከዚያ በኋላም በየወሩ ያራግፉት። የፍሬን ዘይቱ ከጠቆረ ይቀየር።

ጎማው ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈውን ቀን ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በአዳማ ሙቀትና በፈጣን መንገዱ ፍጥነት ሊፈነዳ ስለሚችል አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት ይቀይሩት። ቶዮታ በታካታ ኤርባግ ምክንያት ለጥገና ከጠራቸው መኪኖች ውስጥ ያሪስና ቪትዝ ይገኙበታል፤ ኤርባጉን የሚነፋው ክፍል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ ሲፈነዳ ብረት ይበትናል። የእርስዎ ያሪስ ትካተት እንደሆነ በ17ቱ የሻንሲ ምልክቶች ከቶዮታ ድረ ገጽ ያጣሩ፤ እስኪታወቅ ድረስ ከሹፌሩ ጎን ባለው የፊት ወንበር ማንም ባይቀመጥ ይመረጣል።