ነሐሴ በሰሜን ጊዮንግሳንግ፦ ለሦስት ቀን ጉብኝት የትኛው ይቅደም?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ስሆን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ በነሐሴ ስለሚመረቅ ጠርቶኛል፤ ለጉብኝት የምናውለውም ሦስት ቀን አለን። የገበያ ማዕከል ማየት አልሻም፤ ፍላጎቴ በአካባቢው ያለው ጥንታዊ ቅርስ ነው። የትኛውን ብናስቀድም ይሻላል? የቡድሃ ገዳም መግባት ለክርስቲያን አያስነቅፍም ወይ? ጾመ ፍልሰታስ ምግቡን እንዴት እወጣዋለሁ? የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ በዚያው አቅጣጫ እንደሆነም ብትነግሩኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ዴጉ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ብትሆንም በአብዛኛው የምትዋሰነው ከሰሜን ጊዮንግሳንግ ክፍለ ግዛት ጋር ስለሆነ፣ የሚፈልጉት ቅርስ ከልጅዎ ደጃፍ ብዙም አይርቅም። ክፍለ ግዛቱን በሙሉ አዳርሳለሁ ብሎ ቀኑን መኪና ላይ ከመጨረስ ግን ሁለቱን ቀን ለግዮንግጁ፣ አንዱን ለአንዶንግ ቢሰጡ ይሻላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግዮንግጁ እስከ 935 ድረስ ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሲላ መንግሥት መናገሻ ነበረች። የነገሥታቱ መቃብሮች ሣር የለበሱ ጉብታዎች ሆነው ዛሬም በከተማዋ መካከል፣ በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ይታያሉ። ከነዚህ አንዱ የሆነው ቾንማቾንግ በ1973 ሲቆፈር የወርቅ ዘውድና በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ የተሣለ የፈረስ ሥዕል ተገኝቶበታል፤ ውስጡም ለጎብኚ ክፍት ነው። የእኛ ክረምት በሆነው በነሐሴ እዚያ ሙቀቱ እጅግ የሚበረታ በመሆኑ ጉብታዎቹን በማለዳ ጎብኝተው እኩለ ቀን ላይ ወደ ብሔራዊ ሙዚየሙ ቢገቡ ይመከራል። በሙዚየሙ ግቢ በ771 የተሠራው፣ 18.9 ቶን የሚመዝነው የንጉሥ ሶንግዶክ ደወል ተሰቅሎ ይገኛል። ዎልጂ የተባለውን የቤተ መንግሥት ኩሬ ደግሞ መብራት ሲበራለት፣ በምሽት ይዩት።

ሁለተኛውን ቀን ሙሉውን ለቡልጉክሳ ገዳም ቢያውሉት አይቆጭዎትም። ግንባታው በ751 የተጀመረው ይህ ገዳም በ1593 በጃፓን ወረራ ጊዜ ስለተቃጠለ የእንጨት ሕንፃዎቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ የድንጋይ ሥራው ግን በአመዛኙ የሲላ ዘመን ነው። ብዙ ጎብኚ ፎቶ ተነሥቶ የሚያልፈው የፊት ለፊቱ የድንጋይ እርከን ዘንድ ቆም ይበሉ። ከታች ያልተጠረበ ቋጥኝ እንደ ተፈጥሮው ተደርድሯል፤ በላዩ የተቀመጠው የተጠረበ ድንጋይ ደግሞ የሥረኛው ወገኑ የቋጥኙን ጎበጥ ሰርጎድ ተከትሎ ስለተቀረጸ ገጥሞ ተቀምጧል። ግንበኛው ቋጥኙን ማስተካከል ሳያሻው ጥርቡን ለቋጥኙ አስገዝቶታል። በግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት የድንጋይ ማማዎች ዳቦታፕ የተባለው ያጌጠው በ10 ዎን ሳንቲም ላይ የታተመ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ታሪክ መምህርነትዎ ጌጥ የሌለው ሶክጋታፕ ይበልጥ ሳይስብዎት አይቀርም፤ በ1966 ሲጠገን በዓለም ላይ ከቆዩን እጅግ ጥንታዊ ሕትመቶች አንዱ የሆነ፣ በእንጨት ማተሚያ የታተመ ጥቅልል ተገኝቶበታልና። ከተራራው ላይ ባለው ሶክጉራም በተባለው የዋሻ ቤተ መቅደስ የግራናይቱ የቡድሃ ሐውልት የሚታየው ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ነው፤ ፎቶም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጊዜ ካጠረዎት የሚቀረው እርሱ ይሁን።

የሃይማኖቱን ነገር ለንስሐ አባትዎ እንተወዋለን። እኛ ልንል የምንችለው ጎብኚ ስገድ ወይም ዕጣን አጢስ ተብሎ እንደማይገደድ፣ ጫማ አውልቆ ከሚገባባቸው አዳራሾች ሳይደርሱ ከላይ የዘረዘርነውን የድንጋይ ሥራ ሁሉ ከግቢው ሆነው ማየት እንደሚችሉ ነው።

በአንዶንግ በኩል የሃሁዌ መንደርን ያያሉ። የናክዶንግ ወንዝ ዞሮት የሚያልፈው ይህ መንደር የሪዩ ቤተሰብ ለ600 ዓመታት ያህል የኖረበትና ዛሬም ሰው የሚኖርበት በመሆኑ፣ በር ክፍት ነው ብሎ ዘው ማለት ነውር ነው። መኳንንቱንና መነኮሳቱን የሚሸረድደው የጭንብል ጭፈራ የሚቀርበው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ ልጅዎ መርሐ ግብሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከመንደሩ ሳይርቅ፣ በ1592 በጀመረው የጃፓን ወረራ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለሪዩ ሶንግ-ሪዮንግ መታሰቢያ የሆነው የብዮንግሳን ሶዎን አለ። ሶዎን ማለት የኮንፊሽየስ ትምህርት የሚሰጥበትና የቀደመ ሊቅ የሚዘከርበት ጥንታዊ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እንደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች ከከተማ ግርግር ርቆ ይመሠረት ነበር። እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ሶዎኖች በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ብዮንግሳን የሚያምረው ደግሞ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሮዝ አበባቸውን በሚያብቡበት በነሐሴ ነውና ወቅቱ ገጥሞልዎታል።

ስለ ጾሙ፦ ሥጋ ባይታዘዝም ወጥመዱ ሌላ ነው። ኪምቺ አብዛኛውን ጊዜ ከተብላላ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ጋር ይሠራል፤ የሾርባውም ውኃ ብዙ ጊዜ የደረቀ ትንንሽ ዓሣ የተቀቀለበት ነው። ስለዚህ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ አልበላም» የሚል ወረቀት ልጅዎ በኮሪያኛ ጽፎ ይስጥዎት። ቢቢምባፕ የሚባለውን ሩዝና አትክልት ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ማዘዝ ይቻላል፤ የአኩሪ አተር ቶፉም በየቦታው አለ። ከሁሉ የሚያስተማምነው የገዳማት ምግብ የሚያቀርብ ቤት ነው፤ የገዳማቱ ማዕድ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ነውና፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም።

የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ የሚገኘው በሰሜን ጊዮንግሳንግ ሳይሆን በጋንግዎን ክፍለ ግዛት፣ በቹንቾን ከተማ ነው። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ለመመለሻ በረራዎ ሴኡል ሲደርሱ ግማሽ ቀን ቢመድቡለት ይበቃል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ስለሚያስፈልግ ልጅዎ ደጋፊ ሰነዶቹን ቀደም ብሎ ይላክልዎትና አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኮሪያ ኤምባሲ ማመልከቻውን በጊዜ ያስገቡ።