8 ሰዓቱ አያታልልሽ

ሰላም እህቴ። «ከራስል ግሩፕ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ክፍል ግን በሳምንት 8 ሰዓት ብቻ ነው። በተረፈው ሥራ ብሠራስ? ባለቤቴስ አብሮኝ መምጣት ይችላል?» ላልሽው ነው። ራስል ግሩፕ በምርምር የታወቁ የ24 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ነው፤ እኔም ከ24ቱ በአንዱ ውኃ ምህንድስና ተምሬአለሁ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ ዲፔንደንት ቪዛ (የተማሪ ባለቤትና ልጆች የሚገቡበት ቪዛ) የሚሰጠው ለፒኤችዲ፣ በምርምር ለሚሠራ ማስተርስ ወይም ሙሉ የመንግሥት ስኮላርሺፕ ለያዘ ነው። ያንቺ በኮርስ የሚሰጥ ተራ ማስተርስ ከሆነና እንዲህ ያለ ስኮላርሺፕም ከሌለሽ አይሆንም፤ አዝናለሁ።

ሥራውን ቪዛው በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቅዳል። ግን ሒሳቡን ተመልከቺ፦ አንድ ክሬዲት 10 ሰዓት ሥራ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ማስተርሱ 180 ክሬዲት ነው፣ 1,800 ሰዓት ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ዓመት። ባለ 15 ክሬዲት ኮርስ 150 ሰዓት ሲሆን ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው ምናልባት 20ውን ነው። ሌላው ንባብ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ገባሁ። የመጀመሪያው ጽሑፌ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ጥናቶችን መመዘን ነበር። እኔ ሁለቱንም አሳምሬ አሳጥሬ ጻፍኩና ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። ሲመለስልኝ በየአንቀጹ ጎን አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች፦ «እና?» አራት ቦታ ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እነሱ ያሉትን አውቃለሁ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ውጤቱ 54። አገር ቤት ከ85 ወርጄ አላውቅምና ወድቄ መስሎኝ ነበር። ለካ ማለፊያው 50 ነው፣ 60 ሜሪት (ጥሩ)፣ 70 ዲስቲንክሽን (ከፍተኛው ማዕረግ)። እዚያ 72 ያመጣ ሰው ግብዣ ያበላል።

መምህራኑም ሌላ ጉድ ናቸው። ፕሮፌሰሩን በስሙ ብቻ ጥራው ሲሉኝ አፌ እምቢ ብሎኝ ሁለት ወር «ፕሮፌሰር» እያልኩ ከረምኩ። ደግሞ ዋና ሥራቸው ምርምር ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያገኘው የምርምር ገንዘብ በሚያሳትሙት ሥራ ጥራት ጭምር ስለሚመዘን፣ ማስተማሩ ለአንዳንዱ የግዴታ ይመስላል። አንዱ ለኢሜይሌ የመለሰልኝ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ ግን የተለየች ነበረች። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ ስላት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከፒኤችዲ ተማሪዎቿ ጋር ወደምትሰበሰብበት ክፍል አስገባችኝ። የገና ዕለት ድረስ በዝምታ ሳዳምጥ ቆይቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው መከራከር የጀመርኩት። እንዲህ ያለውን በስም ብቻ የሚታወቅ ዩኒቨርሲቲ አይሰጥሽም፤ ሰውዬዋ ናት የምትሰጥሽ።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የዲፓርትመንቱን መምህራን ገጽ ክፈችና ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተሙትን አንብቢ፤ ያንቺን ርዕስ የሚነካ አንድ ሰው እንኳ ከሌለ ሌላ ቦታ አስቢ። ካለ አሁኑኑ አጭር ኢሜይል ላኪ። ሥራውን ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ይለፍና ያኔ እንነጋገር። የኮርሶቹን ዝርዝር እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የማውቃቸው ካሉ እነግርሻለሁ።