የክንፍ ጅማቶች ስያሜ፦ ምኑ ይተርጎም፣ ምኑ ይቅር?

ወንድሜ፣ «ጣና ዳር መብራት ሥር የረገፈውን ትንኝ ክንፍ እየሳልኩ ነው፤ የቬይኖቹን ስም በአማርኛ ምን ልበል? መጻሕፍቱስ ለምን አይስማሙም?» ላልከው፦

ሁሉንም አትተርጉም። ቬይንን ከ«ደም ሥር» ይልቅ ጅማት በለው፤ ፈሳሽ ቢያልፍበትም ስስ የሆነውን ክንፍ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለት ጅማቶችን የሚያገናኘው አጭሩ፣ አቋራጭ ጅማት። በጅማት የታጠረውን ቦታ ግን አደራ «ሕዋስ» እንዳትል! እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል (ሴል) ስላለው ነው ስህተቱ የሚመጣው። ክፍል ይበቃል።

ስሞቹ እንዳሉ ይቀመጡ። የነፍሳት አጥኚዎቹ ኮምስቶክና ኒድሃም እ.ኤ.አ. በ1898 እና 1899 ባወጡት ሥርዓት ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ኮስታ፣ ሰብኮስታ፣ ሬዲየስ፣ ሚዲያ፣ ኩቢተስ፣ አናል ይባላሉ። ክፍሉ ስሙን የሚወስደው ከፊቱ ካለው ጅማት ነው። የጅማቱ ቅርንጫፎች በቁጥር ይለያሉ፤ ተዋህደው የቀሩት፣ ለምሳሌ የሬዲየስ 4ኛና 5ኛ፣ «ሬዲየስ 4+5» ተብለው ይጻፋሉ፤ የመደመር ምልክቷን አትዝለላት።

አለመስማማቱ በዝንብና ትንኝ ወገን ይበዛል፦ የቆዩት መጻሕፍት «ሲዩኤ 1» (የፊተኛው ኩቢተስ 1ኛ ቅርንጫፍ) የሚሉትን አዲሶቹ «ሚዲያ 4» ይሉታል። ጅማቱ ያው ነው። የተከተልከውን አጠራር ከሥዕሉ ሥር ካልጻፍክ ሌላ ሰው አይጠቀምበትም።

ሐይቁ ዳር መብራት የሚከብ ሁሉ ቢምቢ አይደለም፤ የማይነክሰው ካይሮኖሚድም አለ። በወንዶቹ ላባ መሳይ አንቴና አትለይ፣ ሁለቱም አላቸው። በቢምቢ ክንፍ ሬዲየስ 2 እና 3 አንድ ባላ፣ ሚዲያ 1 እና 2 ሌላ ባላ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ሬዲየስ 4+5 ሳይከፈል ይወጣል። ጅማቶቹ ቅርፊት ለብሰዋል፣ ኮስታም ክንፉን ዞሮ ይሄዳል። በካይሮኖሚድ ፀጉር ሊኖር ይችላል እንጂ ቅርፊት የለም፤ ሚዲያ 1+2 አይከፈልም፣ ኮስታም ጫፉ አካባቢ ያበቃል።

ክንፉን ከሥሩ በቀጭን ወረንጦ ንቀል፤ ከመንከርህ በፊት ግን ደረቁን ፎቶ አንሳ። የወባ ቢምቢው አኖፌለስ በዝርያ ሲለይ የኮስታው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ነጠብጣቡ ደግሞ ቅርፊት ነው፣ ከረገፈ አይመለስም። ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል አርሰህ ስላይድ ላይ ዘርጋው። መሸፈኛ መስታወቱን በአንድ ጎኑ አስነክተህ ቀስ ብለህ አጋድመው፤ ድፍት ካደረግከው አየር ይገባና የአረፋው ጠርዝ አቋራጭ ጅማት ይመስልሃል። ቀኝ ይሁን ግራ ያኔውኑ ጻፍበት። የክረምቱ እርጥበት ስለሚያሻግት በደረቁ የምታስቀምጠውን ናሙና በደንብ ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ አትክተተው።