የፈላ ውሃ በደብረ ማርቆስ 100 ዲግሪ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በሚገኝ የወተት ማቀነባበሪያ በጥገና ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በፓስቸራይዘሩ (ወተቱን አሙቆ ጀርም በሚገድለው መሣሪያ) ላይ ከፒቲ100 የሙቀት ሴንሰር ጋር የተገጠመ፣ ከ0 እስከ 150 ዲግሪ የሚለካ ስማርት ትራንስሚተር (የሴንሰሩን ንባብ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ወደሆነ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ) አለን። ሴንሰሩን በረዶ ውስጥ ስከተው 0 አነበበ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ግን ከ92 አላለፈም። በኮሙኒኬተሩ (ትራንስሚተሩን በምናዝበት የእጅ መሣሪያ) የሴንሰር ትሪም (የሴንሰሩን ንባብ ማረሚያ) ገብቼ የፈላውን 100 ብዬ አስተካከልሁት። ልክ ሠርቻለሁ? የመለኪያውን ክልል በኮሙኒኬተር መጻፍስ ካሊብሬሽን አይባልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀሪውን ከማንበብህ በፊት ሄደህ መስመሩን አስቁም። ከማስተካከያህ ወዲህ ያለፈውን ወተትም ለጥራት ኃላፊው ነግረህ አስይዝ። 92ን 100 ስላስባልከው፣ ማሳያው 72 ሲል ወተቱ በእውነት ያለው 66 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለ15 ሰከንድ የሚደረገው ፓስቸራይዜሽን ደግሞ 72ን ይፈልጋል። ያንን ወተት ሕፃናት ይጠጡታል።

ትራንስሚተሩ እውነቱን ሲነግርህ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጀማሪ ባለሙያ ወደ ቤቴ በመጣ ቁጥር ማንቆርቆሪያዬን ጥጄ የመስታወት ቴርሞሜትር እከትበታለሁ። ውሃው እየተንተከተከ፣ ክዳኑ እየዘለለ፣ ፈሳሹ 92 ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማገዶ ብትጨምርበት እንፋሎቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እናቶቻችን ባቄላው አልበስል እያለ የሚያስቸግራቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ብትሄድ ያው ውሃ 94 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርድ 96ን ያልፋል። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። በረዶው ግን የትም ቢሆን አያሳፍርህም፦ ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ በደንብ ተፈጭቶ፣ ክፍተቱ እስኪሞላ ብቻ ውሃ ተጨምሮበት፣ ሴንሰሩ በጥልቀት ገብቶ ደቂቃዎች ከቆየ 0 ነው። አንተም 0 አግኝተሃል፤ ያ ሴንሰሩ ደህና ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነበር።

አሁን በብዙዎቹ ትራንስሚተሮች የፋብሪካውን ትሪም የሚመልስ ትእዛዝ ስላለ ያንተም እንዳለው ፈልግ። ከዚያ የታወቀ የምስክር ወረቀት ካለው መለኪያ ጋር አስተያየው። ድራይ ብሎክ ማሞቂያ (ሴንሰር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የብረት ማሞቂያ) እና የማመሳከሪያ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ፣ ተውሰህም ቢሆን አምጣ። ሁለቱን ሴንሰሮች ጎን ለጎን አስገባና ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቅ፤ መቸኮል የዚህ ሥራ ጠላት ነው። አንድም ነገር ከመንካትህ በፊት ያገኘኸውን ንባብ ጻፍ። ያለዚያ ወተቱ ባለፈው ወር በስንት ዲግሪ እንዳለፈ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለእናንተ ሥራ ደግሞ ከሁሉም በላይ 72 አካባቢ ያለውን ነጥብ በሚገባ ፈትሽ።

የክልሉ ነገር ሌላ ነው። 0ና 150 ብለህ ስትጽፍ 4 ሚሊአምፒር የትኛው ሙቀት፣ 20 ሚሊአምፒር የትኛው ሙቀት እንደሆነ መናገርህ ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን አላየህም። አምፒር መለኪያም እንዲህ ያለውን ስሕተት አይነግርህም። በአንተው ትራንስሚተር ላይ 72 ሲነበብ 11.68 ሚሊአምፒር ታገኛለህ፤ ስሌቱ ሰላም ነው፣ ወተቱ ግን 66 ላይ ነው። የውጽዓት ትሪም (የሚሊአምፒሩ ማረሚያ) የሚነካው ይህ ሚሊአምፒር ከስሌቱ ሲያፈነግጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ወደፊት ንባቡ በሁለት በሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎ ካገኘኸው ወደ ትሪም አትሩጥ፤ መጀመሪያ የሽቦ ማሰሪያውን ክፈት። የፒቲ100 የኤሌክትሪክ መቋቋም በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእንፋሎት የዛገ አንድ ብሎን 1 ኦም ከጨመረ ከ2 ዲግሪ ተኩል በላይ ያሳስትሃል። እሱን በኮሙኒኬተር ብትሸፍነው ዝገቱ ሲብስ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ብሎኑን ጠርገህ አጥብቅና እንደገና በበረዶ ፈትሸው።