60,000 ብሩን ተቀብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

እህቴ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ጉዳዩ ለሌሎችም እንዲገባ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ወንድምሽ በባጃጅ ተሳፍሮ ከአጋሮ መንገድ ወደ ጅማ ሲገባ አይሱዙ ገጨቻቸው። እግሩ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። አሁንም ሆስፒታል ተኝቷል። የአይሱዙዋ ባለንብረት ሽማግሌ ልኮ «60,000 ብር ልስጥና እንፈራረም» ብሏል። የባጃጁ ሾፌር ደግሞ የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ጥፋቱ የማን ነው፣ እንፈርም ወይ ነው ያልሽው።

አትፈርሙ። ቢያንስ አሁን አትፈርሙ። ታናሽ ወንድሜም የመኪና አደጋ ደርሶበት ይህን መንገድ አብሬው ሄጄበታለሁ። ከዚያ ወዲህም የጎረቤትና የዘመድ ጉዳይ ይዤ ትራፊክ ጽሕፈት ቤትና ፍርድ ቤት ስመላለስ ቆይቻለሁ። ያየሁትን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሽማግሌዎቹን አላማም። ጅማ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነገር የሚያበርደው በሽማግሌ ነው። ግን ችኮላው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ። የአይሱዙዋ ሾፌር በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ዳኛ ቅጣት ሲወስን፣ ተከሳሹ ተጎጂውን መካሱ ማቅለያ ይሆንለታል። ስለዚህ እናንተ የምትፈርሙት ወረቀት ለእነሱ ብዙ ይጠቅማቸዋል። እናንተ ላይ ግን በር ይዘጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በስምምነት ያለቀን ነገር ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጥረው። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» ብሎ የፈረመ ሰው በኋላ እግሩ ቢባባስበት የሚሰማው ዳኛ ማግኘት ይከብደዋል።

የወንድሜ እግር መጀመሪያ ላይ በቶሎ የሚድን ይመስል ነበር። ኋላ ቁስሉ መግል ያዘ። እንደገና ተከፈተ። ብረቱን ማስወጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና፣ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ወንድሜ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ ቆሞ ካልዋለ እንጀራ የለውም። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት ገንዘብ የመጀመሪያውን ሕክምና እንኳ በወጉ አይሸፍንም ነበር። አባታችን ለሰላም ብለው ሊፈርሙ ደርሰው ነበር። አጎታችን ናቸው «ልጁ በእግሩ ሲሄድ አይተን እንነጋገራለን» ብለው ሽማግሌዎቹን በአክብሮት የሸኟቸው። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የምነግርሽ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ገንዘቡ ለመድኃኒት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ተቀበሉ፤ ነውር የለውም። ግን ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ለሕክምና የተሰጠ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ።» ሌላ ቃል አይጨመርበት። ባለንብረቱ በቅን ልብ ከመጣ ይህን ለመፈረም አይከብደውም። ከከበደው ደግሞ ያንን ማወቃችሁ ራሱ ይጠቅማችኋል።

60,000 ብር ትንሽ ነው ወይ ላልሽው፣ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚያሰላ ላሳይሽ። ወንድምሽ 25 ዓመቱ ነው እንበል። በወር 6,000 ብር ያገኛል። የሐኪሞች ቦርድ የቋሚ ጉዳቱን መጠን 20 በመቶ ብሎ ጻፈ። በዓመት 72,000 ብር ገቢ ውስጥ የሚያጣው 14,400 ብር ነው ማለት ነው። እስከ 60 ዓመቱ ቢሠራ 35 ዓመት ቀርቶታል። ሲባዛ 504,000 ብር ይመጣል። ዳኛው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ሊቀንስለት ይችላል። የሕክምናው ወጪ ግን በዚህ ላይ ይደመራል። አሁን 60,000ውን እዚህ አጠገብ አስቀምጪው። ደግሞም ቦርዱ መቶኛውን የሚሰጠው ሕክምናው ሲያልቅ ነው። ታዲያ አሁን በምን ልክ ነው የምትስማሙት?

የሚያናድደኝን አንድ ነገርም ልንገርሽ። ለደረሰበት ሥቃይ፣ ለሞራል የሚባለው ካሳ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ያኔ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ሳምንት አስታማሚ ምግብ እንኳ አይበቃም። ይህ ሊሻሻል ይገባዋል። እስኪሻሻል ግን ኃይላችሁን ገቢው ላይና ወጪው ላይ አድርጉት።

ለገቢው ማስረጃ ያስፈልጋል። ደሞዝተኛ ከሆነ ቀላል ነው። የቀን ሠራተኛ ወይም የግል ሥራ ከሆነ የግብር ደረሰኝ፣ የሚያሠራው ሰው ምስክርነት፣ የቀበሌ ደብዳቤ ሰብስቡ። ማስረጃው ጎዶሎ ቢሆን እንኳ ዳኛ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው ግምት፣ መወሰን ይችላል፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትቅረቡ።

ወደ ጥፋቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት ያለ ጥፋትም ኃላፊ ያደርገዋል። «መንገዱ ረጥቦ ነበር»፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ»፣ «መኪናውን ያለፈቃዴ ነው ያወጣው» ማለት ከካሳ አያድንም። የሚያድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ወይም ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን ነው፤ ይህኛውም በተጎጂው ጥፋት ልክ ብቻ። ወንድምሽ ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ነው። ምን ጥፋት አለበት? አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ ከሾፌሩ ጎን በትርፍ ተቀምጦ ነበር ወይ? ከነበረ የሌላኛው ወገን ጠበቃ ያነሳዋልና ቀድማችሁ እወቁት።

ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ ሕጉ መነሻው ላይ አደጋውን ሁለቱም እኩል አድርሰዋል ይላል፤ ጉዳቱንም ለሁለቱ ባለንብረቶች ግማሽ በግማሽ ያካፍላል። ይህ የሚፈርሰው የአንዱ ጥፋት ብቻውን ወይም በዋናነት እንዳደረሰው ሲረጋገጥ ነው። ለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) እና ሪፖርት ትልቅ ዋጋ ያለው። ሪፖርቱ ላይ የምታነቢያቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ርቀት ጠብቆ አለማሽከርከር፣ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ግራ ይዞ መንዳት፣ ፍጥነት። የመንገዳችንን ጉድ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ከአጋሮና ከጎማ ወረዳ የሚወርደው መኪና ተጭኖ፣ ሌሊት ተነድቶ፣ ሾፌሩ እንቅልፉን በጫት አባርሮ ነው የሚመጣው። ጫት የጫነውማ ገበያ ሳያልፍበት ልድረስ ብሎ ይበራል። ባጃጁ ደግሞ የኋላ መብራት ሳይኖረው ሰው ባየበት ቦታ ሁሉ ጥግ ሳይዝ ይቆማል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሕዝቡ አስፋልቱ ላይ ነው የሚሄደው። የገበያ ቀን ሲሆን ከብቱም ይጨመራል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ሪፖርቱን ስታነቢ ባጃጁ ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ፣ መብራቱ በርቶ ነበር ወይ፣ የፍሬን ምልክቱ የማን መስመር ላይ ነው የሚለውን አጥብቀሽ እዪ። ያልተጻፈ ምስክር ካለ አሁኑኑ ስሙን አስመዝግቡ። ሰው ይረሳል፤ ሥራ ፍለጋም ከከተማ ይወጣል።

ፖሊስ ጋር ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው፤ ክሱም እዚህ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚቀርበው። ቋንቋውን በደንብ የሚያነብ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ መድኑ። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ሌላ ሰው ሲጎዳ የሚከፍል መድን፣ እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት እሱ ነው። የአይሱዙዋንም የባጃጁንም የመድን ድርጅት ስምና የፖሊሲ ቁጥር ከትራፊክ መዝገብ ላይ ቅጂ። ድንገተኛ ሕክምናም ተጎጂው ገንዘብ ሳይጠየቅ በሕጉ በተወሰነው መጠን እንዲያገኝ አዋጁ ያዝዛል። ሆስፒታል ገንዘብ ካስከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ። አዋጁ ሲወጣ የአካል ጉዳት ካሳው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። በኋላ ከፍ ተደርጓልና የድሮውን ቁጥር የሚነግራችሁን አትስሙ፤ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ደንብ አስቆጥሩ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። የመድኑ ጣሪያ የካሳው ጣሪያ አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው። የወንድሜ ጉዳይ እንዲያ ነው ያለቀው። መድኑ እስከ ጣሪያው ከፈለ፤ ቀሪውን ባለንብረቱ እንዲከፍል ተፈረደ። ጊዜ ወስዷል፤ ቢሆንም ወንድሜ በዚያ ገንዘብ ተቀምጦ የሚሠራበት ማሽን ገዝቷል።

ባለንብረት የሚባለው ማን እንደሆነ ከሊብሬው፣ ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ አረጋግጪ። ብዙ መኪና በውክልና እየተሸጠ ስሙ ሳይዛወር ይነዳል። ሽማግሌ የላከው ሰውና ሊብሬው ላይ ያለው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳታረጋግጡ ከፈረማችሁ ከማን ጋር እንደታረቃችሁም አታውቁም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ሲሆን ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ይህን የምጽፈው እዚህ ለሚያነቡ ሌሎች ነው፤ በእናንተ ጉዳይ አይሱዙዋ ተይዛለች።

የባጃጁን ልጅ ጉዳይ በተለየ ጥንቃቄ ነው የማየው። የጎረቤት ልጅ ማሳሰር ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን ወንጀሉና ካሳው የተለያዩ ናቸው። የካሳ ክስ ሰው አያሳስርም። ባጃጁ የሌላ ሰው ከሆነ በዋናነት ባለቤቱና የባጃጁ መድን ናቸው የሚጠየቁት። እናቱን አግኝተሽ ይህን በግልጽ አስረጃት፤ ሳይሰሙ ክስ ሲደርሳቸው ነው ቂም የሚገባው። በሌላ በኩል ሾፌሮቹ በወንጀሉ ነፃ ቢወጡም ተስፋ አትቁረጡ፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ለጠበቃና ለዳኝነት ገንዘብ ከሌላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ሳይከፍሉ፣ መክሰስ ይቻላል፤ ለፍርድ ቤቱ ድህነቱን የሚያስረዳ ማመልከቻ ይቀርባል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄደሽ አማክሪያቸው።

ጊዜውን አትርሱ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወንጀል ካለበት ሊረዝም ይችላል፤ እናንተ ግን በዚያ አትተማመኑ። ሽምግልናው እየተጓተተ ሁለቱ ዓመት ያለቀበት ቤተሰብ አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሪፖርቱንና የፕላኑን ኮፒ በጽሑፍ ጠይቂ። ሽማግሌዎቹ በዚህ መሀል ከመጡ ቡና አፍሉላቸው፤ ሐኪሙ ጨርሶ ሳይናገር እንደማትፈርሙም ንገሯቸው። ሪፖርቱ እጅሽ ሲገባ ምን እንደሚል እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።