በአደጋ የሞተ ሰው ነፍስ መንገድ ላይ ትቀራለችን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው መኪና ውስጥ ስላደሩ መንገደኞች የሚያሳይ አስፈሪ ፊልም አየሁ። እዚያው ቦታ በአደጋ የሞቱ ሰዎች እየታዩ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨንቋቸዋል። ከዚያ ወዲህ በሌሊት መንዳት ፈራሁ። በድንገት የሞተ ሰው በሞተበት ቦታ ይንከራተታል የሚባለው እውነት ነው? እንዲህ ቢገጥመኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጸሎቱ አልነግርሽም፤ የምታውቂው ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ቀኑ ሳይደርስ የሞተ ዕድሜው እስኪሞላ ይንከራተታል» የሚለው አባባል ነው። ፊልሙ አልፈጠረውም፤ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ምእመናን ሳይቀሩ ሲናገሩት እሰማለሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን አይደለም። ነፍስ «ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር» ትመለሳለች (መክ. 12፥7)፤ መጽሐፍ የአሟሟቱን ዓይነት አልለየም። በሲኦል የነበረው ባለጸጋ፣ ሞቶ ያረፈው ድሃው አልዓዛር ወደ ወንድሞቹ እንዲላክለት ለመነ፣ አልተፈቀደለትም (ሉቃ. 16፥27-31)። ለማስጠንቀቅ እንኳ ካልተፈቀደ፣ መንገደኛ ለማስደንገጥማ ማን ይለቃቸዋል? ሙሴ ከሞተ በኋላ በደብረ ታቦር ተራራ ላይ የታየው በጌታ ፈቃድ ነው፤ ማረፊያ አጥቶ ሲዞር አልተገኘም።

ከዚህ አባባል ሥር የባሰ ነገር አለ፦ በአደጋ የሞተ ሰው የተረገመ ነው የሚል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4-5)። ስለዚህ ለሞቱት ስትጸልዪ ዕረፍት እንዲሰጣቸው ለምኚ እንጂ ከመንገድሽ እንዲነሡልሽ አይሁን።

ታዲያ የሚታየው ምንድን ነው? ሰይጣን መልኩን ለውጦ ሊያስት ይችላል (2ኛ ቆሮ. 11፥14)። ሁሉን ግን ለሰይጣን አንስጠው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮ ይደናገራል፤ በብርድ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሞቀኝ ብሎ ልብሱን የሚያወልቅበት ጊዜም አለ። በረዶ የጭስ ማውጫውን ከደፈነው ደግሞ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኪናው ይገባል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደነዝዛል፣ አስተኝቶም ይገድላል።

ቢገጥምሽ አማትበሽ ጀምሪ። ሞተር ከማስነሣትሽ በፊት ግን ወርደሽ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ ከበረዶ ጥረጊ። ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አሠሪ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል መስኮቱን ትንሽ ክፈቺ። የሩቅ መብራት አየሁ ብለሽ መኪናውን ትተሽ በእግርሽ አትሂጂ። «ጸልያለሁ፣ ምን እሆናለሁ» ብሎ ይህን ቸል ማለት እምነት አይባልም፤ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ተብሏልና (ማቴ. 4፥7)። በረዶው መውረዱን ካላቆመ ሞተሩን ባስነሣሽ ቁጥር ወርደሽ እንደ ገና ጥረጊ።